ጎረቤት ሳይጠራ የተከፈተ ጉድጓድ

አንጓች ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምትሠራው አቧራ መጥረግ ነበር። ነፋሱ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ መደቡንም ጎታውንም የልጁንም ቅንድብ አፈር ስለሚያለብሰው፣ አስቀድማ የልጁን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ታብሳለች፣ ከዚያ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ከዚያ ደጅ ወጥታ መንገዱን ታያለች። ደመና ፍለጋ አይደለም፤ ደመና መፈለግ ካቆመች ዓመት አልፏታል። የምታየው የውሃ ቦቴው የሚመጣበትን መንገድ ነው። በአሥር ቀን አንዴ ይመጣል ይባል እንጂ አንዳንዴ በአሥራ አምስትም ብቅ አይልም፤ የመንደሯ የሐሙስ ወንዝ ሰው ግን በየቀኑ ቢጫ ቢጫ ጀሪካኑን ደርድሮ ይጠብቃል። ጎረቤቷ አያ ደርበው በደህናው ጊዜ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበርና፣ ጀሪካኖቹ ከባለቤቶቻቸው የተሻለ ወግ ያውቃሉ፣ ተራ አይጋፉም እያለ ያስቃቸው ነበር። እሱም ባለፈው ወር ሚስትና ልጆቹን ይዞ ወደ ከተማ ወረደ።

ሦስት ክረምት ሙሉ ዝናብ አልዘነበም። በመጀመሪያው ማሽላው ጉልበት ደርሶ ደረቀ። በሁለተኛው ከመሬት ብቅ እንዳለ አረረ፤ ያን ዓመት የመጀመሪያ ልጃቸው ጥሩዬ በአራት ዓመቷ ሞተች፣ ከብቱም አንድ በአንድ ጋጡ ውስጥ እየተኛ ሳይነሳ ቀረ። በሦስተኛው ባሏ ደምሌ ዘሩን በቁና ይዞ ማሳው ዳር ቆሞ ዋለና፣ አንዲት ፍሬ መሬት ላይ ሳይጥል ቤቱ ተመለሰ። ያንን ዘር በሉት። ልጃቸው ዝናቡ የተወለደው በዚያው ሰሞን ነው። ስሙን ያወጣለት አባቱ ነው፤ እግዜር ረስቶን እንደሆነ በቀን አሥር ጊዜ ስንጠራው ይሰማናል ብሎ።

አሁን ዝናቡ ሰባት ወሩ ነው፤ የአንጓች ጡት ደግሞ ደርቋል። ልጁ ይጎትተዋል፣ ይተወዋል፣ ያለቅሳል። ልቅሶው የራሱ የሆነ አመል ነበረው፤ ሁለት አጭር አጭር ጩኸት፣ ከዚያ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ የሚዘልቅ አንድ ረጅም። መንደሩ እየራቆተ ሲሄድ ያ ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ይሰማ ጀመር። ያዋለደቻት እትዬ ይርገዱ ከማዶ ሆና ትሰማውና፣ ማልቀስ የቻለ ልጅ ገና ጉልበት አለው፣ አይዞሽ ትላት ነበር። ልጁ ዝም ሲል አንጓች ዘልላ ሄዳ አፍንጫው ሥር ጣቷን ታስጠጋለች። እሱን ከማጣት ሌላ የሚያስፈራት ነገር አልቀረም ነበር።

አንድ ነገር ግን ነበራቸው። ጋጡ ውስጥ፣ በሬዎቹ ይታሰሩበት ከነበረው ሥር፣ የደምሌ አባት በጥጋቡ ዘመን ማሽላ ሞልተው የደፈኑት ጉድጓድ አለ። አፉ የሰው ትከሻ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ሆዱ እንደ እንስራ የሰፋ፣ ጥልቀቱ ከአንድ ሰው ቁመት ተኩል የሚበልጥ ነው። ሽማግሌው ሲሞቱ ዝናብ ሲመለስ ለዘር ይሆናችኋል ብለው አደራ ስላሉ፣ ደግሞም ጉድጓድ ከተከፈተ የብቻ ስለማይሆን፣ እስካሁን አልነኩትም።

በሐሙስ ወንዝ ጉድጓድ መክፈት የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። ሦስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ገመድ ይስባል፣ አንዱ አፉ ላይ ተንበርክኮ “አለህ?” እያለ ይጠራል፤ የወረደው “አለሁ” ካላለ ወዲያው ይወጣል። ለዓመታት የታፈነ ጉድጓድ ክፉ ትንፋሽ አለው፣ ጎልማሳውን ቆሞ ሳለ ያስተኛዋል። የመጀመሪያዋ ቁና ለጎረቤት ትሰፈራለች። የቤቱ ጨቅላ ደግሞ ያን ዕለት ከቤቱ አይውልም፤ ጎረቤት ወስዶት እዚያው ውሎ፣ የጉድጓዱ አፍ ሲዘጋ ነው የሚመለሰው። ለምን ተብለው ሲጠየቁ አዋቂዎቹ ድሮም እንዲህ ነው ከማለት ሌላ መልስ አልነበራቸውም። አንጓችም ድሮም እንዲህ ነው ብላ አድጋለች።

ደምሌ ጉድጓዱን እንክፈት ሲላት መጀመሪያ የጠየቀችው ልጁን ነው። ማን ቤት እናስቀምጠዋለን አለችው። እሱም እስቲ አስቢው አላት። ልጅ ሰጥተነው ለምን ሰጣችሁኝ የማይል ጎረቤት የታለ? ገና አሥራ ሁለት ቤት አለ፤ ለአሥራ ሁለት ቤት ከተሰፈረ ለእኛ ሳምንት አይዘልቅም፣ ከሳምንት በኋላ ልጁን ምን ታጠቢዋለሽ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ በየጥላው ሲወድቅ፣ የጋጡን በር ከውስጥ ቀረቀሩ።

ጋጡ በቀኑ መሐል እንኳ ጨለማ ነው። ከብቱ ካለቀ ሁለት ዓመት ቢሆነውም የፋንድያና የቆዳ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። ደምሌ ጭቃውን በዶማ ፈልፍሎ ድንጋዩን በግንድ ሲያነሳው፣ ከአፉ የወጣው ነገር ነፋስም ጭስም አልነበረም፤ ቀዝቃዛ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ፊት ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚለጠፍ ትንፋሽ ነበር። አንድ ቀን ይተንፍስ እንደሚባል ሁለቱም ያውቃሉ። ግን ሽታው ለመንደሩ ይደርሳል ብለው ፈሩ። ሰማንያ ሲቆጠር ይበቃል አለ ደምሌ፣ ቆጠረና መጫኛውን ወገቡ ላይ አስሮ ወረደ።

አንጓች ሳቢም ጠሪም እሷው ሆነች። ልጁን አዝላ ገመድ መሳብ ስላልቻለች አንቀልባውን ፈትታ፣ ቁርበት አንጥፋ፣ ራሱን ወደ ግድግዳው እግሩን ወደ ጉድጓዱ አድርጋ አስተኛችው። ያለቅሳል። ስልቻው ሞልቶ ሲመጣ ትስባለች፣ ተሸክማ ወደ ዋናው ቤት ገብታ ጎታ ውስጥ ትገለብጣለች፣ ተመልሳ “አለህ?” ትላለች፣ “አለሁ” ይላታል ከሥር። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ስልቻ ጎታው ላይ ጎንበስ እንዳለች እህሉ ሲፈስ የሚያሰማው ድምፅ ጆሮዋን ሞላው፤ ያን ድምፅ ከሰማች ስንት ዘመኗ፣ ደስ ብሏት ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። እህሉ ፈስሶ ሲያልቅ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ልቅሶ የለም።

ሮጣ ተመለሰች። ልጁ ቁርበቱ ላይ ነው፣ ዓይኑን ከፍቶ ጣራውን ያያል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ተመስገን ብላ ተንበረከከች። ራሱ ወደ ጉድጓዱ፣ እግሩ ወደ ግድግዳው መሆኑን ያየችው ካነሳችው በኋላ ነው፤ ተንፈራግጦ ዞሮ ይሆናል አለች። ከዚያ ባሏ ትዝ አላት። “አለህ?” አለች። መልስ የለም። ደግማ ጠራች። ገመዱን ልትስብ ስትነሳ፣ ከሥር ዘግየት ብሎ፣ ከሩቅ እንደመጣ ሰው፣ “አለሁ” አላት።

ደምሌ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ዛሬ ይበቃል አለ። ልጁ ዝም ማለቱን በደስታ ነገረችው፤ እሱ ግን ወደ ልጁ ዞር አላለም፤ ድንጋዩን መለሰ፣ ጭቃ አቦካ፣ ዳር ዳሩን ደፈነ። ክፉ ትንፋሹ ነው ያዞረው ብላ ውሃ ሰጠችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታቸው እህል አላጣም። አንጓች ማሽላውን ፈጭታ ገንፎ ታገነፋለች፣ ለራሷ አጥሚት ታፈላለች፣ ጭሱ እንዳይታይ በመላ ታነዳለች። ልጇም አያለቅስም። ጡት ስትሰጠው ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ አይተውም፤ ወተት ግን ጠብ አላለም፤ በልቼ ጥቂት ስሰነብት ይመጣል አለች። ሳይጠባም ይከብድ ጀመር። ስታነሳው እንደ ስልቻ እህል ወደ አንድ ወገን ተንሸራቶ ይከብዳታል። የመቀመጫ ጨርቁ እርጥበት አያውቅም። ስትስመው ራሱ የጉድጓዱን ሽታ ይሸታታል፤ እሷም ቤቱም ሁሉ ያንን ይሸት ስለነበር አልገረማትም። የገረማት ዝንቡ ነው። በዚያ አገር ዝንብ ከሰው ዓይን አይጠፋም፣ በተለይ ከሕፃን ዓይን፤ ዝናቡ ላይ ግን አንዲት አታርፍም። እየበረረች ትመጣና ሊነካት እንደቃጣ ሁሉ ገሸሽ ትላለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ግን እናት ልጇን ምን ብላ ትጠርጥር? ጠግቦ ነው፣ ወዝ ይዞ ነው አለች።

ይልቅ ያሳሰባት ደምሌ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን አቅፎት አያውቅም። ድሮ ከማሳ ሲመለስ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ነበር የሚቀበላት፤ አሁን ስታስጠጋው አቧራ ነኝ እያለ ይሸሻል። ጉድጓዱ ዘንድም አያስቀርባትም። ገመዱን ከምሰሶው አስሮ ብቻውን ይወርዳል፣ እፍኝ ለመሙላት የሚበቃ ጊዜ ብቻ ቆይቶ ስልቻ ሙሉ ይዞ ይወጣል። ጋጡ ውስጥ ሲሠራ ጮክ ብሎ ያንጎራጉራል፤ ለሰርግ እንኳ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው። አንድ ቀን በሁለቱም ጆሮው የጨርቅ ቁራጭ ወትፎ አየችው፤ አቧራ እንዳይገባ ነው አላት። መኝታውንም ወደ ጋጡ አዞረ፣ የድንጋዩን ዙሪያ በገለባና በቁርበት ጠቀጠቀ፣ ከላዩ ላይ ተኛ። ሽታው ለጎረቤት እንዳይደርስ ነው አለ። አንጓች አመነችው፤ እሷም ጎረቤት ትፈራ ነበርና።

እህሉ ደግሞ እርጥብ ነበር። በመጀመሪያ ቀን ያወጡት ደረቅና ሞቃት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን እጅ ያቀዘቅዛል፣ የመጀመሪያ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። አንድ ጊዜ እፍኙን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ እስኪበቃት አለቀሰች። ቆይታ ስታስበው ግን ፍርሃት ያዛት። ጎታው ሞልቷል፣ ማዳበሪያዎቹ ሞልተዋል፣ ሽማግሌው ከቀበሩት ሳይበልጥ አይቀርም። ስንት ቀረ ብላ ደምሌን ጠየቀችው። አለ፣ አለ፣ አንቺ ብቻ ብዪ አላት፣ ዓይኑን ሳይሰጣት።

ሰውም እየሄደ ነው። አሥራ ሁለቱ ቤት ስድስት ሆነ፣ ስድስቱ ሁለት። አንጓች ሲሰናበቷት አንገቷን ትደፋለች፤ ማድጋዋ ውስጥ ዱቄት እያለ ባዶ እጃቸውን ትሸኛቸዋለች። ብሰጣቸው ልጄ ይሞታል እያለች ራሷን ታጽናናለች።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ረፋዱ ላይ እትዬ ይርገዱ መጣች። እሷም ልትሄድ ነው፤ ወንድሟ አህያ ይዞ ማዶ ይጠብቃታል። በቅል ግማሽ የሚሆን ውሃ ይዛ ነበር፣ ለልጁ ብላ ያስተረፈችው። በጋጡ ጀርባ ሳልፍ የልጅሽን ልቅሶ ሰማሁ፣ ድምፁ ደክሟል፣ ግን አለ፣ ተመስገን ብዬ መጣሁ አለቻት። አንጓች ሳቀች። አሁንማ አያለቅስም፣ ትልቅ ሰው ሆኗል ብላ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠቻት።

አሮጊቷ ተቀበለችው፣ ክብደቱ ክንዷን ሲያወርደው ደንገጥ አለች። ፊቱን አየች። የራሱን እርግብግቢት በአውራ ጣቷ ዳበሰች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። የእሷ ዓይን ዳር ላይ የነበሩት ዝንቦች ሁሉ ተነስተው ሄዱ። አሮጊቷም ልጁን እንደ ትኩስ ምጣድ በጥንቃቄ መለሰችላት።

“አንጓችዬ፣ ጉድጓድ ከፍታችኋል እንዴ?” አለቻት።

“ኧረ የት አባታችን ኖሮን፣ እትዬ?”

“ማይልኝ።”

“ልጄ ይሙት አልከፈትንም” አለች አንጓች። አፏ ነው ያለው፣ ልቧ አልነበረበትም።

እትዬ ይርገዱ ነጠላዋን አጣፋች። ደጃፉ ላይ ደርሳ ዞረች። “ከእኛ ጋር ነይ፣ ልጄ። አሁኑኑ ነይ። እሱን ግን ይዘሽው አትምጪ።”

አንጓች ደሟ ፈላ። በዚህ ዕድሜዎ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍዎ ይወጣል ብላ ተቆጣቻት፣ ሌላም ሌላም ተናገረቻት፣ በቅሉ የመጣውን ውሃ እንኳ ይዘሽ ሂጂ አለቻት፣ አንቱታዋን ትታ። አሮጊቷ ቅሉን ደፉ ላይ አስቀምጣ፣ ከመጣችበት በጋጡ ጀርባ ሳይሆን በሩቁ ዞራ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች። አህያዋ ከኮረብታው ወዲያ እስኪሰወር አንጓች ቆማ አየች፤ ንዴቷ ሲበርድላት ብቻዋን መቅረቷ ተሰማት።

ደምሌ ቦቴው ይመጣል ብሎ ከጠዋት ጀሪካን ይዞ ወርዶ ነበር። ፀሐይዋ መሐል አናት ላይ ወጣች። አዋቂዎች ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም፣ የእነዚያ፣ ስማቸው የማይጠራው፣ ሰዓት ነው ይላሉ፤ አንጓችም ልጇን ከፀሐይ አስገብታ መደቡ ላይ አስቀመጠችውና ጎኑ ተቀመጠች። በሐሙስ ወንዝ አንድም የሚያስል ፍየል፣ አንድም የሚጮህ ዶሮ፣ አንድም የሚያስነጥስ ሰው አልቀረም። ጸጥታው ከመክበዱ የተነሳ የራሷን ምራቅ ስትውጥ ሰማችው። እንዲህ ያለ ጸጥታ እዚያ ቤት ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ የጎረቤት ድምፅ፣ አንድ የደምሌ እንጉርጉሮ ይኖር ነበር።

ከዚያ ሰማችው። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከታች፣ በብዙ ጨርቅ እንደታፈነ። ሁለት አጭር አጭር። አንድ ረጅም።

ልጁን አየችው። አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። እያያት ነው።

ደግሞ ተሰማ። በዚህ ጊዜ ደረቷ ሥር አንድ ነገር ወረደ፤ ትኩስ፣ የሚያሳምም፣ የምታውቀው። ጎንበስ ብላ ስታይ የቀሚሷ ፊት በሁለቱም በኩል እየራሰ ነበር። አሥራ ሰባት ቀን በዚህ ልጅ አፍ ሲጎተት ጠብ ያላለው ወተት በራሱ ይፈስሳል። ያንን መደቡ ላይ ትታው በአራት እግሯ እየዳኸች ወደ ጋጡ ገባች።

ቁርበቱን ገፈፈች። ገለባውን በእጇ አወጣች፤ መሐሉ ላይ የደምሌ ጋቢ ተጠቅልሎ ተወትፏል፣ እሱንም አወጣች። ጭቃውን በዶማ ፈለፈለች፣ ድንጋዩን በግንዱ እየገፋች አንሸራተተችው። ቀዝቃዛው ትንፋሽ ፊቷን መታው። ከትንፋሹ ጋር ልቅሶው ጥርት ብሎ ወጣ፣ የደከመ፣ የሰለለ፣ የተራበ። “ዝናቡ!” አለች። ልቅሶው ጨመረ። የሚያውቃት ልጅ ነበር።

የጋጡ በር ጨለመባት። ደምሌ ቆሟል። ጀሪካኑን ውሃው እንዳይፈስ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

“ደረስሽበት” አለ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰማው?”

“ከመጀመሪያው ቀን።”

ተቀምጦ ነገራት። በሦስተኛው ስልቻ ላይ እጁ እህሉ ውስጥ አንድ ለስላሳ ነገር እንደነካ፣ ሲያወጣው ልጁ እንደሆነ፣ ከላይ እሷ “ተመስገን” ስትል ይህኛው ክንዱ ሥር ታፍኖ እያለቀሰ እንደነበር። ሊያወጣው ደረቱ ላይ አድርጎ ሲነሳ እህሉ ከእግሩ ሥር እንደ ውሃ ሰርጎ እንደወረደ። ወለሉ ባዶ ሆነ። መልሶ ሲያስቀምጠው ልጁ አለቀሰ፣ ባለቀሰ ቁጥር እህሉ ከመሬቱ እየፈለቀ ሞላ። ባለቀሰ ቁጥር።

“ሦስት ጊዜ አነሳሁት” አለ ደምሌ። “ሦስት ጊዜም መልሼ አስቀመጥኩት፣ አንጓች። ጥሩዬን ቀብሬያለሁ። አንቺን ደግሞ መቅበር አልችልም።”

አልመታችውም፣ አልሰደበችውም። ያን ሰዓት ከሥር ከሚጠራት ሌላ ምንም አልታያትም። አውጥቼው እንሄዳለን፣ እትዬ ይርገዱ ገና ሩቅ አልደረሰችም አለች። መንገድ ላይ ሁላችንም እናልቃለን አላት እሱ፣ እየለመናት። ብናልቅም ታቅፌው ነው አለችው፣ መጫኛውን አንስታ ወገቧ ላይ ጠመጠመች። “እሰርልኝ።”

አሰረላት። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ፈተሸው፣ እንዳይቆርጣት ጨርቅ ደረበበት፣ ጉንጯን በመዳፉ ዳበሳት። እያለቀሰ ነበር። ከዚያ ቀስ አድርጎ አወረዳት።

ጉድጓዱ ውስጥ ጨለማው በእጅ ይዳሰሳል። እግሯ እርጥብ እህል ውስጥ እስከ ጭኗ ገባ። በድምፁ እየተመራች በሁለት እጇ ቆፈረች፣ አገኘችው፤ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ ከአንድ ቁና የማይከብድ፣ በጭንቅላቱ ላይ የራሷን የቅቤ ሽታ የያዘ ልጇ። ዝንብ እንኳ ቢኖር ያርፍበት ነበር። ጡቷን ሰጠችው። አንድ ጊዜ ብቻ ስቅ አለና ይዞ መሳብ ጀመረ፤ ወተቱ ሲወርድ፣ ጉሮሮው ጉጥ ጉጥ ሲል ሰማችው፣ ትንንሽ ጣቶቹ ደረቷን ጨበጡ። አንጓች በዚያ ጨለማ ውስጥ ፈገግ አለች። እህሉ በዙሪያዋ እየተንሿሿ ሰረገ፣ ከጭኗ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ቁርጭምጭሚቷ፣ እግሯ ባዶውን ጭቃ እስኪነካ። ይሂድ አለች። ልጁ ጠገበና እንቅልፍ ወሰደው።

“ሳበን” ብላ ቀና አለች።

ከላይ ክብ ብርሃን ውስጥ የደምሌ ራስ ይታያል። ትከሻው ላይ ሌላ ትንሽ ራስ አለ። አሥራ ሰባት ቀን እጁን ያልዘረጋለትን ያንን አቅፎታል፤ ሁለቱም ወደ እሷ ያያሉ።

“አለሽ?” አላት፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

“አለሁ። ሳበን፣ ደምሌ። ልጁ ተኝቷል።”

ትንሹ ራስ ወደ ደምሌ ጆሮ ዘንበል አለ። ደምሌ ጥቂት ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ገመዱ ላልቶ መጣና እየተጠቀለለ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ ድንጋዩ ሲጎተት ብርሃኑ ከዳር እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ጠፋ።

አንጓች ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ጮኸች፤ ከእግሯ ሥርም እህሉ ቀስ እያለ ከፍ ማለት ጀመረ።